ባለሱቋ ያልሸጠችው ሰዓት

የምስክር ቃል

የቃል ሰጪዋ መጠሪያ፦ በሥራ ቦታዋ «እትዬ ባልዲ» በመባል የምትታወቅ፤ ሙሉ ስሟ ከመታወቂያዋ ተገልብጦ በመዝገቡ ሽፋን ላይ ሰፍሯል
ዕድሜ፦ 57
ሥራ፦ የቺምፓንዚዎች ተንከባካቢ
አድራሻ፦ በመጠለያው ግቢ ውስጥ፣ ከገለባ መጋዘኑ ጎን ያለው ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ
ጉዳዩ፦ ጠፋ ስለተባለ አንድ የእጅ ሰዓት

እኔ ቃል ሰጪዋ ከላይ በተጠቀሰው ቀን ወደ ጣቢያው የመጣሁት ማንም ሳያስገድደኝ በገዛ እግሬ ነው። የመጠለያችን የበር ጥበቃ የሆነውና ሁላችንም ሻምበል የምንለው ሰው የሟች ዶክተራችንን የእጅ ሰዓት ሰርቀሃል ተብሎ ከማክሰኞ ጠዋት ጀምሮ በዚህ ጣቢያ ይገኛል። እኔ እሱ እንዳልሰረቀና ሰዓቱ የት እንዳለ ስለማውቅ ይህንኑ ለመመስከር መጥቻለሁ። ሻምበል የተባለው ወታደር ሆኖ ሳይሆን በየማለዳው ጫማውን እንደ መስታወት ስለሚወለውል ነው። ይህም ይጻፍ ብዬ ስላሳሰብኩ ተጽፏል።

ቃሌን የሚመዘግቡት ሳጅን ስለ ሰዓቱ ብቻ እንድናገር ነግረውኝ ነበር። ነገር ግን ባለሱቋን ሳያውቁ የሰዓቱን ነገር ማወቅ አይቻልም፤ ነገርን ነገር ያነሳዋልና ከሥር እንድጀምር ፈቅደውልኛል። ባለሱቋ ሰው አይደለችም፤ ቺምፓንዚ ናት።

የምሠራበት መጠለያ ከአዳኞችና ከአሻሻጮች እጅ የተረፉ ቺምፓንዚዎች የሚኖሩበት ነው። ያቋቋሙት ከሁለት ወር በፊት ያረፉት የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ እኛ ዶክተሯ እንላቸዋለን። እኔ ስቀጠር ልጅ እግር ነበርኩ፤ የተቀጠርኩትም ወለል ላጥብ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ባልዲዬን ገና ውሃ ሳልሞላ አንድ ሣጥን የጫነ መኪና መጣ። ዶክተሯ ሣጥኑን ከፍተው ከድመት የማትበልጥ፣ ወገቧ ላይ ሽቦ የታሰረበት ቁስሏ ያልዳነ ቺምፓንዚ አወጡና ደረቴ ላይ አደረጉብኝ፤ ባለሱቋ ያቺ ናት። «እስክትለቅሽ ድረስ እንዳትለቂያት» አሉኝ። የምትለቀኝ ለምሳ መስሎኝ ነበር። ስበላም፣ ስተኛም፣ ይቅርታ ይደረግልኝና መጸዳጃ ቤት ስሄድም፣ ወሩ እስኪገባደድ ከላዬ አልወረደችም። ወለሉን ሌላ ሰው አጠበው፤ ባልዲው ግን ስሜ ሆኖ ቀረ።

ያኔ መጠለያ የምንለው የዶክተሯን ቤት ነበር። ሳሎኑ የሕፃናቱ መኝታ፣ ልብስ ማጠቢያው መድኃኒት ቤት ነበር፤ መጋረጃ የሚባል ነገር ከሳምንት በላይ ተሰቅሎ አያውቅም። የዶክተሯ አንድ ልጅ፣ ሚጣ የምንላት፣ ከባለሱቋ ጋር እኩል ትድህ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሁለት ጡጦ አሞቃለሁ፤ አንዱ የሚጣ፣ አንዱ የባለሱቋ። ዞር ስል ተለዋውጠው ሲጠጡ አገኛቸዋለሁ፤ አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ። ሁለቱም አልታመሙም፤ ሁለቱም ተንኮለኛ ሆነው አደጉ። ያ ጊዜ ደግ ጊዜ ነበር። ድካሙ ዛሬም ወገቤ ላይ አለ፤ ሆኖም ከነድካሙ መልሰው ቢሰጡኝ ሳላመነታ እቀበላለሁ።

ቺምፓንዚዎቹ ሲበዙና ሲጎለምሱ የመኝታ ክፍሎቹና በአጥር የተከበበው ደን ተሠሩ። ሥራችን ማልዶ ይጀምራል። ወደ ክፍሎቹ ስንቀርብ ከሩቅ ድምፃችንን እናሰማለን፤ ድንገት ደርሶ ማስደንገጥ በእነሱ ዘንድ ነውር ነው። መጀመሪያ ሰላም የሚባለው ዳኛው የምንለው ትልቁ ወንድ ነው፤ ከእሱ በፊት ሌላ ሰላም የተባለ እንደሆነ በሩን እየደበደበ ቀናችንን ያበላሸዋል። ከዚያ ለብ ያለ ወተት በየኩባያው ይሰጣል፤ ከዚያ ወደ ደኑ ይለቀቃሉ። እኛ ያደሩበትን ገለባ ጠርገን፣ ወለሉን አጥበን፣ ስኳር ድንችና ካሮት እየቆራረጥን እናወራለን። ጉንፋን የያዘው ሰው ወደ ፍርግርጉ አይጠጋም፤ እኛን የሚያስነጥሰን በሽታ እነሱን ይገድላል። ለታመመ መድኃኒቱን ሙዝ ውስጥ ደብቀን እንሰጣለን። ባለሱቋ ግን ሙዙን ትበላና ክኒኑን በምላሷ ለይታ መዳፌ ላይ ትመልስልኛለች፤ ስለመለሰችም ሌላ ሙዝ ትጠይቀኛለች።

ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ ልናገር፤ ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዳኛው ገና ጎረምሳ ሳለ የበሮቹን ሁሉ ቁልፍ ከወገቤ መነተፈኝ። እኔ ጮህኩ፤ ሻምበል ዱላ ይዞ መጣ፤ ዳኛው ደግሞ ቁልፉን አፉ ውስጥ ከተተው። ዶክተሯ መጥተው ሁላችንንም ዝም አሰኙ። አንድ ሙዝ ይዘው መሬት ላይ ቁጭ አሉና ባዶ መዳፋቸውን ዘረጉ። ዳኛው ጥቂት አሰበ፤ ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አስቀምጦ ሙዙን ወሰደ። ከዚያ ወዲህ የግቢው ሕግ ሆነ። እጃቸው የገባውን ዕቃ አንነጥቅም፣ አንጮህም፤ ዕቃውን ሲመልሱ የሚፈልጉትን እንሰጣለን። ዶክተሯ አንድ ነገር አጥብቀው ይናገሩ ነበር፤ ማታለል የለም፣ ዋጋው ሁልጊዜ ይሰጣል። «ቃል የእምነት ዕዳ ነው፤ ለሰውም ለቺምፓንዚም» ይሉን ነበር።

ትምህርቱን ሁሉም ያዙት፤ ባለሱቋ ግን ነገደችበት፤ ስሟም ከዚህ የመጣ ነው። ማበጠሪያ ከወደቀላት ለሁለት ሰብራ ግማሹን ዛሬ ግማሹን ነገ ታቀርባለች። ያገኘችውን ሁሉ ከመኝታ መደርደሪያዋ ላይ፣ ከገለባው ሥር ደብቃ ገበያ ትጠብቃለች። አንድ ቀለም ቀቢ ባርኔጣው ሲወሰድበት ሙዝ የያዘ መስሎ ባዶ እጁን ጨብጦ አሳያት፤ ባርኔጣውን ተቀብሎ እየሳቀ ሄደ። ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ አፏን ውሃ ሞልታ ከበሩ ኋላ ጠበቀችው። ሰውየው ፊቱን እየጠረገ «ምን አደረግኳት?» ሲል ሻምበል «አንተ ረስተኸው ይሆናል፤ እሷ አልረሳችውም» አለው። ያን ቀን ዶክተሯ እንባቸው እስኪፈስ ሲስቁ አይቻለሁ።

ጠፋ የተባለው ሰዓት የዶክተሯ አባት የነበረ ነው፤ ቡናማ የቆዳ ማሰሪያ ያለው፣ መስታወቱ ባንድ ጎኑ የተጫረ፣ በእጅ የሚሞላ ዓይነት ነው። ዶክተሯ ሥራቸውን ጨርሰው በየቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ከባለሱቋ ፍርግርግ ፊት ያለችው ዱካ ላይ ይቀመጡ ነበር። ዝናብም ቢሆን እንግዳም ቢመጣ አይቀሩም። ክንዳቸውን በምግብ ማቀበያው ቀዳዳ ያስገቡላታል፤ እሷም የክንዳቸውን ፀጉር በጣቷ እየገለጠች ትፈትሻለች። ቺምፓንዚ ይህን የምታደርገው ለወደደችው ብቻ ነው። ከዚያ ጆሮዋን ሰዓቱ ላይ ለጥፋ ታዳምጣለች፤ ዶክተሯ ሰዓቱን ሲሞሉት ደግሞ ጣታቸውን በትኩረት ታያለች። ይህን ለማየት ብዬ ብቻ ያን ሰዓት ባልዲዬን ይዤ በዚያ በኩል አልፍ ነበር። አሁን ሳስበው ደስታ ማለት እሱ ነበር፤ ያኔ ግን ሥራ ይመስለኝ ነበር።

ዶክተሯ ታመው ከቤት መውጣት ካቆሙ በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ባለሱቋ ውሰዱኝ አሉ። ሻምበል ጋሪ ወንበሩን እየገፋ፣ እኔ ብርድ ልብሱን እያስተካከልኩ ወሰድናቸው። እንደደረስን ሰዓታቸውን አይተው «አምስት ደቂቃ አሳለፋችሁኝ፤ ምን ትለኛለች?» ብለው ተቆጡን። ስለዚህ ሲደርሱ ሰዓቱ እጃቸው ላይ እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ። ክንዳቸውን እንደ ወትሮው በቀዳዳው ሲያስገቡ እኔና ሻምበል ለብቻቸው እንዲሆኑ ብለን ወደ ገለባ መጋዘኑ ዞር አልን። ቆይተን ስንመለስ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ሥር ነበር፤ ፊታቸውን አይቼ ያልቅሱ ይሳቁ አልገባኝም። ወደ ቤት እየተመለስን ሳለ «ስንት ሰዓት ሆነ?» ብለው ጠየቁኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት ሰዓት እኛ ስንጠይቃቸው እንጂ እሳቸው ሲጠይቁን ሰምቼ አላውቅም። ዓይናቸው የደከመ መሰለኝ፤ ፀሐይዋን አይቼ ዐሥራ አንድ ሊል ነው አልኳቸው። በዚያው ሳምንት አረፉ።

ከዚያ ወዲህ ባለሱቋ በየቀኑ ዐሥር ሰዓት ሲቃረብ የትም ብትሆን ከደኑ ትመለሳለች። ፍርግርጉ ዘንድ ትቀመጥና የጨበጠችውን እጇን በቀዳዳው ወደ ባዶዋ ዱካ ትዘረጋለች። የምትለምን መስሎኝ ኦቾሎኒ አቀርብላት ነበር፤ ጭብጧን ሳትፈታ እጇን ትመልሳለች። ሐዘን ነው ብዬ ተውኳት። እኔም ራሴ ሐዘን ላይ ስለነበርኩ የሌላውን ሐዘን የምመረምርበት ልብ አልነበረኝም።

ሚጣ የመጠለያውን ኃላፊነት ለመረከብ ከምትኖርበት ከተማ የመጣችው ሰኞ ነው። ማክሰኞ ጠዋት የእናቷን መኝታ ቤት ስትከፍት የሰዓቱን ማስቀመጫ ሣጥን ባዶውን አገኘችው። የቤቱ ቁልፍ ከሻምበል በቀር ከማንም ዘንድ አልነበረም። ሚጣን ክፉ ናት አላልኩም፤ በደረቴ ያሳደግኳት ልጅ ናት። «ከእማዬ ሌላ ምንም አልጠየቅኩም፤ እሱን ብቻ ነበር የፈለግኩት» እያለች ስታለቅስ አንጀቴን በላችው። ሻምበልን ፖሊስ ሲጠይቀው «አላየሁም» ብቻ አለ። ቁጭ ብሎ ጫማውን ወልውሎ፣ የበሩን ቁልፍ ለእኔ ሰጥቶ አብሯቸው ሄደ። ዕድሜውን ሙሉ ሌባ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእሱን ስም ግን በቁሙ ልንቀብረው ነበር። ባዶ የጥበቃ ወንበሩን ሳይ ዶክተሯ ሰዓት የጠየቁኝ ነገር ትዝ አለኝ፤ ቀጥሎም የባለሱቋ ጭብጥ። ሁለቱን ሳገናኛቸው ሰዓቱ ያለው ከባለሱቋ ዘንድ መሆኑ ገባኝ።

ለሚጣ ነገርኳት። «እትዬ፣ ለሻምበል ብለሽ አትድከሚ» አለችኝ። ወደ ጣቢያው ደውዬ ሳጅኑን ለመንኳቸው። ሳጅኑም ትናንት ረቡዕ ከዐሥር ሰዓት በፊት መጥተው፣ እንደ ደንባችን አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ ከሚጣና ከእኔ ጋር በፍርግርጉ ፊት ተገኝተዋል። እኔም ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ትንሽ ማር በባልዲ ይዤ ባዶ መዳፌን ዘረጋሁ። ባለሱቋ ባልዲውን አየች፤ እንደዚያ ሞልቶ አይታው አታውቅም። ወደ መደርደሪያዋ ወጥታ ገለባውን መበርበር ጀመረች።

መጀመሪያ ያመጣችው የማማሰያ ግማሽ ነው። ሙዝ ተሰጣት። ቀጥሎ የተሰናበተችው ወጥ ቤታችን ስትጨፍር የተነቀለባት የጫማ ተረከዝ መጣ፤ ባለሱቋ ወደ ደኑ የወጣችበት የመጀመሪያ ቀን ድግስ አድርገን ነበር፣ የዚያን ቀን ነው። ቀጥሎ የመነጽሬ አንድ እግር መጣ። ይህን ባለቤቴ ረግጦ ሰብሮ ደብቆታል ብዬ ዓመት ሙሉ ሳኮርፈው ኖሬያለሁ፤ ጥፋተኛ አለመሆኑ በዚህ ቃል ይመዝገብልኝ። አራተኛው ዕቃ የሕፃን ልጅ ቀይ የፀጉር ማስያዣ ነበር። ሚጣ አፏን ያዘች። «እትዬ፣ ይቺ የኔ ናት! ጠፋች ብዬ እንዴት እንዳለቀስኩ ታስታውሻለሽ?» አለችኝ። እንዴት እረሳለሁ? ሁለት ቀን ሙሉ ሶፋ ሥር በሆዴ ተኝቼ የፈለግኩት እኔ ነኝ። ያ ሁሉ ዘመን አንድ በአንድ በቀዳዳው እየወጣ መዳፌ ላይ ሲቀመጥ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። ሳጅኑ ውሃ አቀበሉኝ።

ዐሥር ሰዓት ሲሞላ ባለሱቋ መገበያየቷን አቆመች። እንቁላሉ ገና አልተነካም። ወደ መደርደሪያዋ ወጥታ ስትመለስ እጇ ተጨብጦ ነበር። ወደ እኔ አልመጣችም፤ ከዱካዋ ፊት ተቀምጣ እጇን በቀዳዳው አወጣችና ጣቶቿን ፈታች። ሰዓቱ መዳፏ ላይ ነበር፤ ማሰሪያው ሳይበጠስ፣ መስታወቱ ሳይሰበር። እሷ እንኳን ቆዳ ላስቲክም ለሁለት ሳትከፍል የማትሸጥ ናት። እንቁላል አሳየኋት፤ አላየችውም። ማር አሳየኋት፤ እጄን በእርጋታ ገፋችው። ሰዓቱን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዳመጠች። የሚሞላው ስላልነበረ ከቆመ ቆይቷል። መልሳ ወደ ዱካዋ ዘረጋችውና ዶክተሯ የሚመጡበትን በር ማየት ጀመረች።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ዕቃ ስትመልሺ የምትፈልጊውን እንሰጥሻለን ብለን ያስተማርናት እኛ ነን። ባለሱቋ ሰዓቱን ይዛ የቆየችው ዶክተሯን ልትመልስበት ነው። ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ያላትን ውድ ዕቃ አቅርባለች፤ እኛ ደግሞ ኦቾሎኒ ስናሳያት ኖርን።

ሚጣ ዱካዋ ላይ ቁጭ ብላ ክንዷን በቀዳዳው አስገባች። ባለሱቋ አሸተተቻት፤ ክንዷን በጣቷ እየገለጠች ለረጅም ጊዜ ፈተሸቻት። ያወቀቻት ይመስለኛል፤ ጡጦ የተጋራችውን እህቷን አትረሳም። ከዚያ ግን ቀና ብላ በሚጣ ትከሻ ላይ አልፋ እንደገና በሩን አየች፤ ሰዓቱንም ጨበጠች። ሚጣ ክንዷን ሳታወጣ ጮክ ብላ አለቀሰች። በቀብሩ ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም።

ሰዓቱ ኤግዚቢት ስለሆነ ሳጅኑ አንድ ሐሳብ አቀረቡ፤ እሳቸውም ራሳቸው ይህ ከቃሌ እንዳይቀር ፈቅደዋል። ሚጣ የእናቷን ካፖርት ለብሳ፣ ፀጉሯን እንደ እናቷ አስራ፣ በዚያ በር ብትገባ ባለሱቋ ሰዓቱን ትሰጥ ይሆናል አሉ። ሊሳካ ይችል ነበር። እኔ አይሆንም ለማለት አፌን ስከፍት ሚጣ ቀደመችኝ። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር አይሆንም ወይ ሳጅን? እናቴ እሷን አታልላ አታውቅም፤ እኔም በካፖርቷ አላታልላትም» አለች። ሳጅኑም ሰዓቱን በዓይናቸው አይተው፣ ምልክቶቹን መዝግበው፣ ካለበት እንዲቆይ ተስማሙ። ሚጣ ክሷን ማንሳቷን እዚያው ተናገረች፤ ሻምበልን ራሷ ይቅርታ እንደምትጠይቀውም ቃል ገባች። ሆኖም መዝገቡ ያለ ጽሑፍ አይዘጋም ስለተባልኩ ዛሬ ይህን ቃል ለመስጠት መጥቻለሁ።

በመጨረሻ የማሳስበው አንድ ጉዳይ አለ። ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ እንድሰናበት እጠይቃለሁ። ባለሱቋ ዛሬም ሰዓቱን ትዘረጋለች። የምትጠይቀውን ልሰጣት አልችልም፤ ነገር ግን ስትዘረጋ ዱካዋ ባዶ እንዳትሆን እፈልጋለሁ።

ከላይ የተጻፈው በሙሉ ተነብቦልኝ ሰምቼዋለሁ። ስለ ሻምበል የተናገርኩት፣ ስለ ዶክተሯ የተናገርኩት፣ ስለ ባለሱቋም የተናገርኩት እኩል እውነት ነው፤ የማላውቀውን አልጨመርኩም፣ የማውቀውን አልደበቅኩም ስል በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የቃል ሰጪዋ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው ሳጅን ፊርማ፦ (ተፈርሟል)

የመዝጋቢው ማስታወሻ፦ ቃሉ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ተጠናቋል። ተጠርጣሪው በነፃ ተለቆ ቀበቶውና ጫማው ተመልሶለታል፤ ጫማውን እስኪወለውል ጥቂት ተጠብቋል። እሱና ቃል ሰጪዋ ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ መጠለያው እንዲደርሱ በጣቢያው መኪና ተልከዋል።